ደጋግሞ የሚመጣ የተሳሳተ ስልክ፦ ደዋዩን ሳይሆን ቁጥሩን ተከተሉ

የተሳሳተ ስልክ አንዴ ቢመጣ ምንም አይደለም። «ተሳስተዋል» ይባላል፣ «ይቅርታ» ይባላል፣ ያልቃል። ነገሩ የሚከብደው ያው ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲመለስ ነው። ወይም በየቀኑ ሌላ ሌላ ሰው እየደወለ የማታውቁትን አንድ ሰው ሲጠይቃችሁ።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ እንቆጣለን፣ ቀጥለን ጆሮው ላይ እንዘጋለን፣ ሲመረን ብሎክ እናደርጋለን። በዚህ ደዋዩ ይቀጣል እንጂ ስህተቱ አይነካም። የተሳሳተው ቁጥር አንድ ቦታ ተጽፎ ተቀምጧል። ብጣሽ ወረቀት ላይ ሊሆን ይችላል፣ የሱቅ ታፔላ ላይ፣ የሰው ስልክ ውስጥ። እዚያ ካልታረመ ነገም ይደወላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቦታ ስለማግኘት ነው። ዝም ማሰኘት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

1. ስልኩን ስታነሱ

ከወዲያ በኩል የሚመጣው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ «ማነህ?» ነው። ራሱ ደውሎ «ማነህ» የሚል ሰው ያናድዳል፣ ልክ ናችሁ። ቢሆንም ስማችሁን አትናገሩ። «ማንን ፈልገው ነው?» ብላችሁ መልሱ። የፈለገውን ሰው ስም እሱ ይጥራ። «እኔ ሳሚ ነኝ፣ ተሳስተሃል» ካላችሁ በሚቀጥለው ጊዜ «ሄሎ ሳሚ» ብሎ ነው የሚደውለው።

አንቱ በሉ። ድምፁ ወጣት ቢመስልም አንቱ በሉ። አንቱታ ጠቡንም ያበርዳል፣ ርቀቱንም ይጠብቃል።

የፈለገውን ሰው እንደማታውቁት ከገባችሁ «ተሳስተዋል» ብላችሁ አትዝጉ። አንድ ጥያቄ ይቀራል።

2. «የደወሉትን ቁጥር ያንብቡልኝ»

ሙሉው መፍትሔ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። የራሳችሁን ቁጥር ግን ቀድማችሁ እንዳትጠሩ። «ይሄ እኮ እንዲህ እንዲህ ነው» ካላችሁት ሳያይ «አዎ፣ እሱ ነው» ይላችኋል፣ ምንም ሳታውቁ ትቀራላችሁ። እሱ ያንብብ፣ እናንተ ስሙ።

ነጠላ ነጠላ እያደረገ ያንብብ። እኛ ቁጥር የምንጠራው በጥንድ ነው፣ «ስልሳ ሦስት፣ ሰባ አራት» እያልን። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስልሳና ሰባ ይምታታሉ፣ ሠላሳና ስልሳም እንደዚያው። ስህተቱ መጀመሪያ የተፈጠረው በዚሁ መንገድ ሊሆን ይችላል። አንዱ በስልክ ጠራ፣ ሌላው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈ። «ስድስት፣ ሦስት፣ ሰባት፣ አራት» ሲባል ግን የሚምታታ ነገር የለም።

መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው።

ያነበበው ቁጥር ከእናንተ በአንድ ወይም በሁለት አኃዝ ይለያል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር እጁ ላይ አለ፣ ሲነካ ተሳስቷል።

ያነበበው የእናንተን ቁጥር ነው። እንግዲያው የተጻፈበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ወይም ቁጥሩ ከእናንተ በፊት የሌላ ሰው ነበር።

ያነበበው ከእናንተ ጋር ምንም የማይገናኝ ቁጥር ነው። «እንዴት ሆኖ?» ትላላችሁ፤ የዚህኛው መልስ ዝቅ ብሎ አለ።

ማንበብ አይፈልግም። «ተወው፣ ግን አንቺ ማነሽ?» ይላል። ይህ የተሳሳተ ስልክ አይደለም፣ ወደ ክፍል 5 እለፉ።

3. እንደ ምክንያቱ መፍትሔው

*የአንድ አኃዝ ስህተት።* የተለየችውን አኃዝ ንገሩት። በተለይ መነሻውን አስተውሉ። በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የሞባይል ቁጥር ሲባል 0911 ነበር የሚታወቀው፤ ዛሬም መጨረሻውን ብቻ የያዘ ሰው መጀመሪያውን በግምት 0911 ያደርገዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረና 07 መጣ። «ዜሮ ሰባት» ተብሎ እየተነገረው እጁ በልማድ ዜሮ ዘጠኝ የሚነካ ሰው አለ። ቀሪው አኃዝ ሁሉ አንድ ሆኖ ይህቺ ብቻ ከተለየች የሚፈለገው ሰው የሌላኛው ኔትወርክ ደንበኛ ነው።

*ቁጥራችሁ የሆነ ቦታ ተለጥፏል።* የሚደውሉት የማይተዋወቁ ሰዎች ከሆኑና የሁሉም ጥያቄ አንድ ዓይነት ከሆነ ይሄ ነው። «ኮንዶሚኒየሙ ተከራየ?» «ዛሬ ክፍት ናችሁ?» «መኪናዋ የመጨረሻ ስንት?» እንዲህ ሲሏችሁ «ቁጥሩን ከየት አገኙት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከቴሌግራም» ካሏችሁ የትኛው ቻናል እንደሆነ ይንገሯችሁ፣ ማስታወቂያውን ሊንክ ወይም ስክሪንሾት ይላኩላችሁ። ከዚያ ለቻናሉ አስተዳዳሪ ጻፉ። «ቁጥሩ የእኔ ነው፣ ቤት አላከራይም፣ እባክዎ ያርሙት» ማለት ይበቃል። ደላላው ራሱ ጥሪው እየቀረበት ስለሆነ ከእናንተ በላይ ቸኩሎ ያርመዋል።

ታፔላ ወይም ቢዝነስ ካርድ ላይ ከሆነ የድርጅቱን ስምና ሰፈር ከደዋዩ ያዙና ባለቤቱን ፈልጉ። ሄዶ መንገር የሚያስቸግር ከሆነ አንዱን ደዋይ ተጠቀሙበት። «ሲደርሱ ታፔላው ላይ ያለው ስልክ የሰው ነው ብለው ይንገሩልኝ።» እንዲህ ያለ መልእክት ሳያደርስ የሚቀር አበሻ ጥቂት ነው። ጉግል ማፕ ላይ ከሆነ ደግሞ ማንም ሰው የማረሚያ ሐሳብ ማስገባት ይችላል። የድርጅቱን ገጽ ከፍታችሁ ስልኩ ስህተት መሆኑን ላኩ።

እስኪታረም ድረስ ደዋዮቹን ብሎክ እያደረጋችሁ አትድከሙ። ዛሬ የደወለው ነገ አይደውልም፣ ነገ የሚደውለው ሌላ ነው።

*ቁጥሩ የሌላ ሰው የነበረ ነው።* ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። አዲስ ሲም አውጥታችሁ በሳምንቱ ሰዉ ሁሉ «አቶ እገሌ» ካላችሁ የወረሳችሁት የእሳቸውን ቁጥር ነው። ዘመድ ይደውላል፣ አበዳሪ ይደውላል፣ የዕቁብ ዳኛ ይደውላል።

እዚህ ላይ ጥሪውን ከማስቆም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። የቀድሞው ባለቤት የባንክ መልእክት ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ ለባንኩ ደውላችሁ «ይሄ ቁጥር አሁን የእኔ ነው፣ ከደንበኛችሁ አካውንት ላይ አንሱት» በሉ። ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው። የሚስጥር ኮድ ከመጣ ለማንም አታስተላልፉ፤ ደውሎ «የእኔ ነው፣ አንብብልኝ» የሚለው ሰው በርግጥ ባለቤቱ መሆኑን የምታውቁበት መንገድ የለም። ቴሌግራም ስትከፍቱ የሰውዬው አካውንት ከነስሙ ከነፎቶው ሊመጣባችሁ ይችላል። አታንብቡ። ከሚደውሉት ዘመዶች ለአንዱ «እባክዎ ቴሌግራሙን ወደ አዲሱ ቁጥር ይቀይር» ብላችሁ ላኩበት። በድሮ ስልኩ ላይ አሁንም ከገባ ከሴቲንግ ውስጥ ቁጥሩን መቀየር ይችላል።

ለደዋዮቹ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንድ ነው፤ «ቁጥሩ ተቀይሯል፣ አሁን የሌላ ሰው ነው፣ ከስልክዎ ላይ ያጥፉት።» «ተሳስተዋል» ብቻ ካላችሁ አያምኑም። ቁጥሩን ከዓመታት ጀምሮ ያውቁታላ! የተሳሳቱት እነሱ እንዳልሆኑ ሲሰሙ ግን ወዲያው ይገባቸዋል። ለአበዳሪውም ይሄንኑ በሉት፣ ስለ ሰውዬው አድራሻ ግምት አትስጡ።

*ጭራሽ ሌላ ቁጥር ደውለው እናንተ ጋ ሲገባ።* ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ሰው ስልኩን ወደ ሌላ ቁጥር ሲያዞር ማዞሪያው ላይ የእናንተን ቁጥር በስህተት አስገብቷል ማለት ነው። የእሱ ጥሪ ሁሉ ወደ እናንተ ይጎርፋል። ከእናንተ በኩል ብሎክ ብታደርጉ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የሚታያችሁ የእያንዳንዱ ደዋይ ቁጥር ነው። መላው ባለቤቱን ማግኘት ነው። ደዋዩ ሰውዬውን በሌላ መንገድ እንዲያገኘው ጠይቁት፣ ከዚያ ባለቤቱ በራሱ ስልክ *#21# ብሎ ይደውል። ጥሪው ወዴት እንደዞረ ያሳየዋል። ##21# ሲል ይጠፋል። ##002# ደግሞ ያለውን ማዞሪያ በሙሉ ያነሳል። እናንተም የራሳችሁን በዚያው አጋጣሚ ብታዩ አይከፋም።

4. እማማ ሲደውሉ

ከሁሉ የሚከብደው ይሄኛው ነው። የሚደውሉት እናት ናቸው፣ የሚፈልጉት ልጃቸውን ነው። ንግግሩ እንዲህ ይሄዳል፦

«ሄሎ ተስፋዬ!»

«እማማ፣ ተስፋዬ አይደለሁም። ቁጥሩ ተሳስቷል።»

«እሺ፣ እንግዲያው ተስፋዬን አቅርብልኝ።»

መቆጣት አያዋጣም። ይዘጉና እንደገና ይደውላሉ፤ ምክንያቱም በእሳቸው ዘንድ ቁጥሩ የተስፋዬ ነው፣ እናንተ ደግሞ የተስፋዬን ስልክ ያነሳችሁ ሰው ናችሁ። ቁጥር አንብቡልኝ ማለትም ላይሆን ይችላል። «አጠገብዎ ማንበብ የሚችል ልጅ አለ?» በሉ። ብዙ ጊዜ አለ። ልጁ ሲመጣ ከስልኩ ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ እንዲያነብ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ያለው ከእናንተ ቁጥር ከተለየ በትክክል ደግሞ ይምታው፣ አለቀ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የእናንተው ከሆነ እዚያው ላይ ሰርዝበት በሉት። ተስፋዬን ከሚያውቅ ሌላ ዘመድ ቁጥሩን ይጠይቁ። እናንተ አንድ አኃዝ እየቀያየራችሁ «ይሄን ይሞክሩ» አትበሉ። ሌላ ምስኪን ላይ ትጥሉታላችሁ።

ከዚያ ዋናው። አሁን የእናንተ ቁጥር በእማማ ስልክ የጥሪ ዝርዝር ላይ ከላይ ተቀምጧል። ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ አረንጓዴውን ሁለቴ ሲጫኑ የመጨረሻውን ቁጥር ይደውላል። ወረቀቱ ታርሞ እንኳ ጥሪው የማያቆመው በዚህ ነው። ልጁን «ይሄን ቁጥር ከዝርዝሩ ላይ አጥፋው» በሉት። ማጥፋት ካቃተው «ስህተት» ብሎ ይመዝግበው።

እናንተም የእሳቸውን ቁጥር «የተስፋዬ እናት» ብላችሁ መዝግቡት። ሲደወል ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ድምፃችሁም ይለሰልሳል። ብሎክ ማድረግን እዚህ ላይ አልመክርም። ምርጫው የእናንተ ነው፣ ግን መንገድ ላይ ሆነው ልጃቸውን የሚፈልጉ እናት ለምን እንደማይነሳ አያውቁም።

ከውጭ የሚደወልም እንዲሁ ነው። በ+1 የሚጀምር ቁጥር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢጮህ ደዋዩ ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል። በበጋቸው ወራት ዋሽንግተን ላይ ገና ምሽት 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩን አስነብቡት፣ አርሙለት፣ ተኙ።

5. ስህተት ያልሆነ «ስህተት»

*«ድምፅሽ ደስ ይላል» የሚለው።* ይህ ይበልጥ ለሴቶች ነው። መጀመሪያ «ሰላም ናት?» ይላል። አይደለሁም ስትሉ «ታዲያ አንቺ ማን ነሽ? ለመተዋወቅ ነው እንጂ» ይመጣል። ቁጥሩን አንብብ የሚለው ጥያቄ ወንፊቱ ነው፤ እውነት የተሳሳተ ሰው ያነባል፣ ይሄኛው ይስቃል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ቁጥሩ ስህተት ነው፣ ከአሁን በኋላ እንዳይደውሉ።» ከዚያ ዝጉ። አትሳደቡ፣ አታስረዱ፣ «ባለትዳር ነኝ» አትበሉ። ባለትዳር መሆንም አለመሆንም ለእሱ ወሬ መቀጠያ ነው። ስድብም ቢሆን መልስ ነው፣ መልስ ያገኘ ደግሞ ይመለሳል። ስልኩን ለወንድም ወይም ለባል ሰጥቶ ማስፈራራት የተለመደ ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ወንዶች እልህ ውስጥ ይገቡና ስልኩ ከበፊቱ በላይ ይጮሃል። በሁለተኛው ጥሪ ብሎክ ማድረግ ይሻላል።

*«በስህተት ብር ልኬብህ ነው።»* እያለቀሰ ሊሆን ይችላል። መልእክቱም ደርሷችኋል፣ ይሄን ያህል ብር ገብቷል የሚል። መልእክቱን አትመኑ፣ ሒሳባችሁን እዩ። ቴሌብር ከሆነ በ*127# ወይም በመተግበሪያው ገብታችሁ ቀሪውን ተመልከቱ። ካልገባ ሌባ ነው፣ ዝጉ። ከገባም በራሳችሁ እጅ አትመልሱ። «127 ይደውሉና ያስመዝግቡ፣ በዚያ በኩል ይመለስልዎት» በሉ፤ ብሩንም አትንኩ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ብሩ የሌላ የተታለለ ሰው ሊሆን ይችላል። እናንተ ለደዋዩ ከመለሳችሁ በኋላ ያኛው ሲያመለክት ብሩ ከእናንተ ይፈለጋል። ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

*አንዴ ጮሆ የሚዘጋ የውጭ ቁጥር።* ዘመድ የሌላችሁ አገር ኮድ ከሆነ ተመልሳችሁ አትደውሉ። ሚስኮሉ የተደረገው እንድትመልሱና በደቂቃ ውድ ሒሳብ እንዲቆጥርባችሁ ነው።

6. ዝም ማሰኘት

ቁጥሩን ለማረም የሚቻለውን ካደረጋችሁ በኋላ ስልካችሁን ተጠቀሙ። አንድሮይድ ላይ ከጥሪ ዝርዝር ቁጥሩን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ብሎክ የሚል ይመጣል። አይፎን ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ክብ ምልክት ነክታችሁ ወደ ታች ውረዱ። ብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች ደግሞ በጥሪ ሴቲንግ ውስጥ ብላክ ሊስት አላቸው። ብሎኩ የሚቀመጠው ስልካችሁ ላይ ነው እንጂ ሲሙ ላይ አይደለም። ስልክ ስትቀይሩ እንደገና መሥራት ሊያስፈልግ ይችላል።

ለሌሊት «አትረብሹ» የሚለውን ሁኔታ አብሩና የተመዘገቡ ሰዎች ብቻ እንዲያልፉ አድርጉ። አንድ ወጥመድ አለው። ስልኮች «ደጋግሞ የደወለ ይለፍ» የሚል ምርጫ አላቸው፣ ብዙ ጊዜም ሳትነኩት በርቶ ነው የሚገኘው። ለአደጋ ተብሎ ነው። አይፎን ላይ ያው ቁጥር በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ዝምታውን ሰብሮ ይጮሃል። የእናንተ ችግር ደግሞ ደጋግሞ የሚደውል ሰው ነው! አጥፉት። ሌሊት ሊደውሉ የሚችሉ የቤተሰብ ቁጥሮች ግን መመዝገባቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አይፎን ላይ ያልተመዘገበን ቁጥር ሁሉ ዝም የሚያሰኝ ምርጫም አለ። ሥራ ፈላጊ ወይም ነጋዴ ከሆናችሁ አይሆናችሁም፤ ከቀጣሪ የሚመጣም፣ ከአዲስ ደንበኛ የሚመጣም ጥሪ ያልተመዘገበ ነውና።

7. ዛቻ ሲሆን

ከተሳሳተ ቁጥር ተነስቶ ወደ ስድብና ዛቻ የሚሄድ አለ። ያኔ መልስ መስጠት አቁሙና መሰብሰብ ጀምሩ። የጥሪ ዝርዝሩን ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀንና ሰዓቱ ይታይ። መልእክቶቹን አታጥፉ። ዝርዝሩ ሲሞላ የቆየው እየጠፋ ስለሚሄድ በየጊዜው አንሱት።

ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ነው። እነሱ የደዋዩን ስም አይነግሯችሁም፣ ለዚያ አትልፉ። አቤቱታው ግን ይመዘገብላችኋል። ለፖሊስ 991 ነው፣ ካልቸኮለ በአካል ጣቢያ መሄዱ ይሻላል፣ ስክሪንሾቱን ይዛችሁ። መልእክት እየላከ የሚያስፈራራ ከሆነ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አንሱ፤ አንቀጽ 13 ማስፈራራትንና ፍርሃት የሚፈጥር ተደጋጋሚ መልእክት መላክን ይመለከታል። የደዋዩን ማንነት ከቴሌኮሙ መጠየቅ የፖሊስ ሥራ ነው፣ በሕጉ መንገድ ያደርገዋል።

8. ቁጥር መቀየር

የመጨረሻው ነው፣ ውድም ነው። ዋጋው የሲሙ ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር የታሰረው ሁሉ ነው። ከወሰናችሁ አሮጌው ሲም በሕይወት እያለ ባንካችሁን፣ ቴሌብራችሁን፣ ቴሌግራምና ዋትስአፕን፣ ፌስቡክና ኢሜይልን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አዙሩ። የሚስጥር ኮዱ በአሮጌው ቁጥር ስለሚመጣ ሲሙን ቀድማችሁ ከጣላችሁት በሩ ይዘጋባችኋል። አሮጌውን ሲም በርካሽ ስልክ ላይ አድርጋችሁ ለጥቂት ወራት አቆዩት፣ አልፎ አልፎም ካርድ ሙሉበት። የረሳችሁት አካውንት ኮድ የሚልከው ወደዚያ ነው። ለሚያውቋችሁም «አሮጌውን ከስልካችሁ አጥፉት» ብላችሁ ላኩ፤ ቁጥሩ ነገ ለሌላ ሰው ሲሸጥ እናንተን እያሉ እሱን እንዳያስቸግሩት።